ዕውቀታችን በማን ኪስ ውስጥ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ረመዳን አራተኛው ቀን ላይ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ጫማዬን እያደረግኩ ሳለ አንዲት እናት በሴቶች መግቢያ በኩል ቆመው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

«ምን ሆኑ እናቴ?» አልኳቸው።

«ለጎረቤቶቼ ዱቄቱም ዘይቱም ተምሩም ደርሷቸዋል። የኔን ልጆች ስም የሚጠራ ጠፋ። ያጠፋሁት ነገር ካለ ንገሩኝ ብዬ ነው።»

ወላሂ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኚህ እናት ምንም አላጠፉም። ያጠፋነው እኛ ነን።

የሆነው እንዲህ ነው። የየቲሞችን ጉዳይ ለአምስት ዓመት የያዘልን ወንድም ከረመዳን ሁለት ወር ቀደም ብሎ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄደ። የየትኛው የቲም ቤት የት እንዳለ፣ ስንት ልጅ እንዳለበት፣ ማን ታማሚ እንደሆነ፣ ማን ከሰው ፊት መቀበል እንደሚያፍር፣ ሁሉንም ያውቅ ነበር። ዝርዝሩ በስልኩ ውስጥ ነበር፤ ከስልኩ የቀረው ደግሞ በጭንቅላቱ። ስልኩን ሊሄድ ሲል ሸጠው። እኛም ረመዳን ሲገባ ደወልንለትና ከሥራ መልስ ደክሞት እያለ በቃሉ እየነገረን ጻፍን። ሦስት ቤት ዘለለ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። ሦስት የየቲም ቤቶች ግን ረመዳንን «ምን አጥፍተን ይሆን?» እያሉ ጀመሩ።

ብዙዎቻችን ያን ወንድም ወቀስነው። እኔ በበኩሌ ጥፋቱ የእሱ አይመስለኝም። አምስት ዓመት ሙሉ «ይህን ነገር ሌላ ማን ያውቀዋል?» ብለን ያልጠየቅነው እኛ ነን። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩትም ስለዚሁ ነው፤ እያደገ ያለ ጀማዓ ዕውቀቱን እንዴት ይያዝ?

▪️ አሥራ አንድ ሰው ሳለን

ስንጀምር አሥራ አንድ ነበርን። በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን በወር ሃያ ሃያ ብር የምናዋጣ ልጆች። ያኔ መዝገብ አላስፈለገንም። አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሳል። ሁሉም ሁሉን ያውቃል።

ዛሬ ከስልሳ በላይ የቲሞች አሉ። የማታ የቁርኣን ትምህርት አለ። የጀናዛ ኮሚቴ አለ። የኢፍጣር ዝግጅት አለ። በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች ይገባሉ፤ ነባሮቹ ያገባሉ፣ ሥራ ይቀይራሉ፣ ከአገር ይወጣሉ፣ ይሞታሉ። አሠራራችን ግን አሁንም የአሥራ አንዱ ሰው አሠራር ነው። «እሱ ያውቀዋል፣ እሱን ጠይቁት» እንባባላለን።

ልብ በሉ፤ ጀማዓ ሲያድግ መጀመሪያ የሚያጥረው ገንዘብ ይመስለናል። እኔ ያየሁት ግን መጀመሪያ የሚያጥረው የጋራ ትዝታ ነው። ገንዘቡ እያለ፣ ዱቄቱ እያለ፣ ወጣቱ ጉልበቱን ይዞ ቆሞ እያለ፣ «ለማን?» የሚለው መልስ ይጠፋል።

▪️ ሰሐቦች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የየማማ ጦርነት ተካሄደ። በዚያ ጦርነት ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ብዙ ሰሐቦች ሸሂድ ሆኑ። ዑመር (ረ.ዐ) ደነገጡ። በሌሎችም ጦርነቶች እንዲህ ከቀጠለ ብዙ ነገር ከሐፊዞቹ ጋር ይሄዳል ብለው ሰጉና አቡበክርን (ረ.ዐ) ቁርኣኑ በአንድ ላይ እንዲሰበሰብ አማከሯቸው። አቡበክር መጀመሪያ አመነቱ፤ ረሱል ያላደረጉትን ነገር እንዴት አደርጋለሁ ብለው። በኋላ አላህ ልባቸውን ከፈተላቸው።

ሥራው ለማን ተሰጠ? ለዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ)። ወጣት ነበር፤ የረሱል የወሕይ ጸሐፊ የነበረ፣ የሚታመን። እሱ ራሱ ሥራው ከተራራ ማንቀሳቀስ በላይ እንደከበደው ተናግሯል። ሐፊዝ ስለነበር ከራሱ ቃል ብቻ መጻፍ ይችል ነበር። እንዲያ ግን አላደረገም። ከተምር ዘንባባ፣ ከጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከሰዎችም ልብ እያመሳከረ ሰበሰበ። የተሰበሰበው ሱሑፍ ከአቡበክር ዘንድ፣ ከዚያ ከዑመር ዘንድ፣ ከዚያም ከእናታችን ሐፍሷ (ረ.ዐ) ዘንድ ተቀመጠ።

በዑስማን (ረ.ዐ) ጊዜ ደግሞ ሙስሊሙ በዛ፣ አገሩ ሰፋ። ሑዘይፋ (ረ.ዐ) ከአርሜኒያና ከአዘርባጃን ዘመቻ ሲመለሱ ሰዎች በአቀራር ሲለያዩ አይተው ደነገጡ። ዑስማን ያንን ሱሑፍ ከሐፍሷ አስመጥተው ዘይድን ጨምሮ አራት ሰዎች እንዲገለብጡት አደረጉ፤ ቅጂዎቹንም ወደየአገሩ ላኩ።

ቁርኣንን የጠበቀው አላህ ነው፤ የእኛን የዱቄት ዝርዝር ከእሱ ጋር አላወዳድርም። ሰሐቦች ያደረሱትን ሰበብ ግን እንመልከት። አደጋውን ያዩት ሁሉ ነገር ከጠፋ በኋላ አይደለም፤ መጥፋት ሲጀምር ነው። ሥራውን ለሚታመንና ሙያው ላለው ሰው ሰጡ። ያ ሰው ደግሞ በራሱ ትዝታ ብቻ አልተማመነም፤ አመሳከረ። ሰነዱ የታወቀ ቦታ ተቀመጠ። ሰው ሲበዛም ሁሉም የሚስማማበት አንድ ቅጂ ተባዛ።

ዑመርንም እንይ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከበሕረይን 500,000 ድርሃም ይዘው ሲመጡ ዑመር ቁጥሩን ለማመን ተቸገሩ። ይህን ያህል ገንዘብ በትዝታ አይከፋፈልም። ዲዋን፣ ማለትም የስም መዝገብ፣ ተዘጋጀ። እንዲሁም «ሻዕባን» የሚል ሰነድ ቀርቦላቸው የትኛው ሻዕባን እንደሆነ፣ ያለፈው ይሁን የሚመጣው፣ ሊታወቅ እንዳልቻለ ይወሳል። የሒጅራ አቆጣጠር የተወሰነው ከእንዲህ ያለው ችግር ተነስቶ ነው። ዛሬ ስንቶቻችን ነን ቀን የሌለው ማስታወሻ ጽፈን የምናስቀምጠው?

▪️ የለይስ ታሪክ

ስለ ኢማም ለይስ ኢብኑ ሰዕድ (ረሒመሁላህ) ሰምታችኋል? የግብፅ ዓሊም ነበሩ፤ በ175 ሒጅሪያ ሞቱ። የኢማም ማሊክ ዘመነኛ ናቸው። ኢማም ሻፊዒይ በፊቅህ ለይስ ከማሊክ ይበልጡ እንደነበር፣ ነገር ግን ተማሪዎቻቸው ዒልማቸውን ይዘው እንዳልቆሙላቸው መናገራቸው የታወቀ ነው። ዛሬ የማሊክ መዝሀብ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አለ፤ የለይስ መዝሀብ የለም። ኢማም አቡ ሐኒፋስ? ዒልማቸው የተሻገረው እንደ አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ኢብኑ ሐሰን ያሉ ተማሪዎቻቸው ስለጻፉትና ስላስተማሩት ነው።

በማሊክና በለይስ መካከል ያለው ልዩነት የአዋቂነት ማነስ አልነበረም፤ የተቀባይ ጉዳይ ነው። የአዋቂ መኖር ብቻውን ዕውቀትን አያቆይም። በእኛም አገር፣ በወሎም በሐረርም በጅማም፣ የታላላቅ ሸይኾቻችን የእጅ ጽሑፍ በየቤተሰቡ ሳጥን ውስጥ ስንት ዘመን ተቀምጧል? በሐረር የሸሪፍ ሙዚየም ከየቤቱ ተሰብስበው የተረፉትን ያየ ሰው፣ ያልተረፉትን አስቦ ያዝናል።

▪️ የራሴ ጥፋት

አሁን ደግሞ ስለራሴ ልናገር። ሌላውን ወቅሼ ራሴን ብተው አማና አይሆንም።

የጀናዛ ዕቃ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከፈኑ ከየትኛው ሱቅ በዱቤ እንደሚወሰድ፣ የመቃብር ቆፋሪዎቹ ስልክ፣ የመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው። አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። በዚያ መሃል አንድ አባት ሞቱ። ስልኬ ተዘግቶ ስለነበር ልጆቹ ከፈን ፍለጋ ከተማውን ሲዞሩ አረፈዱ፤ ጀናዛውም ዘገየ።

በኋላ ሊጠይቁኝ መጡና «አንተ ከሌለህ እኮ ሥራው ይቆማል» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ነፍሴ ደስ አላት። አንድ ሙስሊም ወንድሜ ጀናዛው ዘግይቶበት፣ እኔ ተፈላጊ በመሆኔ ደስ አለኝ! ደስታው ምን እንደሆነ የገባኝ ሌሊት ነው። አስተግፊሩላህ አልኩ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህን በሽታ በራሳችሁ ፈልጉት። «እኔ ካልነገርኳቸው አያውቁም» የሚለው ሐሳብ ጣፋጭ ነው። ሰው የሚያውቀውን የማይጽፈው ሁልጊዜ ጊዜ አጥቶ አይደለም፤ አንዳንዴ ከጻፈው ማንም ሊሠራው ስለሚችል ነው። በጀማዓ ሥራ ላይ ያወቅነው ነገር ግን የግል ንብረታችን አይደለም፤ አማና ነው። አማና ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል። ባለቤቶቹ የቲሞቹ ናቸው፣ የሟች ቤተሰብ ነው፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆች ናቸው።

▪️ የሚጻፍና የማይጻፍ

አንዳንዱ ወጣት «ቀላል ነው፣ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ እናስገባ» ይላል። ይህም አይበቃም። ኖናካ እና ታኬዩቺ የተባሉ ጃፓናውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ የድርጅትን ዕውቀት በሁለት ይከፍሉታል፤ በቃልና በጽሑፍ ሊገለጥ የሚችልና በሰው እጅና ልምድ ውስጥ የተደበቀ። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ የማትሱሺታ ኩባንያ የዳቦ ማሽን ነው። ማሽኑ ሊጡን በደንብ አላቦካ አለ። ባለሙያዎቹ ሊጡን በራጅ ሳይቀር አይተው አልሆነም። በመጨረሻ ኢኩኮ ታናካ የተባለች ሠራተኛ ኦሳካ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ከዋናው ዳቦ ጋጋሪ ሥር ሆና ሥራውን ተማረች። ሰውየው ሊጡን የሚስብበትና የሚጠመዝዝበት የተለየ መንገድ እንዳለው ያየችው በዚያ ነው። ማሽኑም በዚያው ተስተካከለ። ጋጋሪው ሲሠራው ኖረ እንጂ ጽፎት አያውቅም ነበር።

ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። የመድረሳ ልጅ ለሆነ ሰው አዲስ አይደለማ! ተጅዊድን ከኪታብ ብቻ ማን ተማረ? ከሸይኹ ፊት ቁጭ ብለህ፣ አፉን እያየህ፣ ስትሳሳት እየመለሰህ ነው። ለውሑም አለ፣ ሸይኹም አለ፣ መጨረሻ ላይ ኢጃዛውም አለ። ኢጃዛ ማለት «ይህ ሰው ከእኔ ተቀብሏል፣ እኔም ከእገሌ ተቀብያለሁ» የሚል የርክክብ ሰነድ ነው። አባቶቻችን የጽሑፍንም የአብሮ መቀመጥንም መንገድ አውርሰውናል። በጀማዓ ሥራችን ላይ ግን ሁለቱንም ትተናል።

▪️ ታዲያ ምን እናድርግ?

ከዚያ ረመዳን በኋላ እኛ የጀመርነውን ልንገራችሁ። ፍጹም አይደለም፤ ግን እየሠራ ነው።

1️⃣ እያንዳንዱ ኻዲም «ነገ ባልመጣ ምን ይቆማል?» ብሎ ራሱን ጠይቆ አንድ ገጽ ጻፈ። ቁልፍ፣ ስልክ ቁጥር፣ ዱቤ፣ ቀጠሮ፣ ቃል የተገባለት ሰው። አንድ ገጽ ብቻ። ከዚያች ገጽ ላይ ስንት ነገር በክር እንደተንጠለጠለ አየን። የመስጂዱ የቦታ ካርታ ዋናው ቅጂ በሟች አባል ቤት፣ ከልብስ ሣጥን ሥር ነው የተገኘው።

2️⃣ አራት መዝገብ ከፈትን። የሰዎች፣ የገንዘብ፣ የንብረትና የሰነድ፣ አራተኛው የአሠራር። በአሠራር መዝገብ ውስጥ ኢፍጣር ለስንት ሰው ስንት ኪሎ ተምር እንደፈጀ፣ ድንኳንና ድስት ከየት እንደተገኘ፣ ምን እንደተሳሳትን ይጻፋል። ሹራ ያደረግንበት ውሳኔ ከነምክንያቱ ይሰፍራል። ምክንያቱ ካልተጻፈ አዲስ የሚመጣው ልጅ ወይ ሳይገባው ይከተለዋል፣ ወይ ሳይገባው ያፈርሰዋል።

3️⃣ ለእያንዳንዱ መዝገብ ሁለት ሰው መደብን፤ አንድ ነባር፣ አንድ አዲስ። የእህቶችን ጉዳይ የሚይዙት ሁለት እህቶች ናቸው፤ ከእናቶች ጋር ቁጭ ብለው የሚያውቁትን እኛ ወንዶቹ ከበር ላይ አናውቀውም።

4️⃣ በወረቀት የማይተላለፈውን አብሮ በመሥራት እናስተላልፋለን። ጀናዛ ሲታጠብ አንድ ወጣት ከጎን ይቆማል። ሽማግሌ ለማስታረቅ ሲኬድ አንድ ልጅ አብሮ ይሄዳል፤ ዝም ብሎ ይሰማል።

5️⃣ አንድ ቅጂ ብቻ ትክክለኛ ነው ተብሎ ተወሰነ። በፊት ሦስት የተለያየ የየቲም ዝርዝር በሦስት ሰው ስልክ ነበር። አሁን ዋናው በደብተር፣ ቅጂው በማኅበሩ ኢሜይል ነው። በግለሰብ ኢሜይል አይደለም፤ ሰው ሲሄድ ኢሜይሉም አብሮት ይሄዳልና። ቀንና የጻፈው ሰው ስም የሌለው ገጽ አይገባም።

6️⃣ በየሻዕባኑ መዝገቡን ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን። ያገባ፣ የሞተ፣ ቤት የቀየረ፣ ከችግር የወጣ ይኖራል። ያልታደሰ መዝገብ ያሳስታል።

7️⃣ ኃላፊነት የሚለቅ ሰው በርክክብ ነው የሚለቀው። ተቀባዩ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ ከዚያ ጀማዓው ዱዓ ያደርግለታል። ያን ወንድማችንን ያለ ርክክብም ያለ ምስጋናም ነበር የሸኘነው። ሁለቱም ጥፋት ነው።

▪️ «ቴሌግራም ላይ አለ»

ይህን ሰበብ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አዎ፣ አለ። ከሺህ የድምፅ መልእክት መሃል፣ በሰላምታና በስቲከር ተቀብሮ አለ። ሲፈለግ የማይገኝ ነገር ከሌለ በምን ይለያል?

ሌላም አደጋ አለ። ዘካና ሰደቃ የሚቀበሉ ሰዎች ስም፣ ስልክና ፎቶ ሁለት መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። ያ የሙስሊምን ገመና መግለጥ ነው። ዕውቀት መያዝ ማለት ለሁሉም መዘርገፍ ማለት አይደለም። የአሠራሩ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ የሰዎቹ መዝገብ ለሁለቱ ኃላፊዎችና ለኢማሙ ብቻ።

▪️ ለሚከፋቸው ወንድሞች

ይህን ሐሳብ ሳነሳ አንድ የማከብራቸው አዛውንት «ልጄ፣ አላመናችሁኝም ማለት ነው?» አሉኝ። ልባቸው እንደተጎዳ አየሁ። እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው፦ «አባባ፣ ከቁርኣን ረጅሙ አያ ስለ ምንድን ነው?» እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቁታል። በሱረቱል በቀራ ያለው የዕዳ አያ ነው። አላህ ያንን ትእዛዝ የሰጠው ለሙእሚኖች ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች አዞናል፤ ይህም ለፍትሕ የቀረበና ከጥርጣሬ የሚያርቅ መሆኑን ነግሮናል። መጻፍ ያለመተማመን ምልክት ቢሆን ኖሮ ለሙእሚኖች ባልታዘዘ። የሚታመን ሰው ራሱ ቢረሳ፣ ቢታመም፣ ቢሞት አማናው እንዳይጠፋ ነው የሚጻፈው። አዛውንቱ ዝም አሉ። በሳምንቱ አንድ አሮጌ ደብተር በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። ውስጡ መስጂዱ ሲሠራ ድንጋይና ቆርቆሮ ያዋጡ ሰዎች ስም ነበረበት። ብዙዎቹ ሞተዋል። ዛሬ ዱዓ ስናደርግላቸው በስማቸው ነው።

ሌላው «ይህ ሁሉ ወረቀት ኢኽላስን ይገድላል፣ ጀማዓውን ቢሮ ያደርገዋል» ይላል። ስጋቱ እውነት አለው። ማንም የማያነበው ሁለት መቶ ገጽ መጻፍ ሥራ አይደለም። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ይህ ነገር ቢረሳ የሚጎዳ ሦስተኛ ሰው አለ? ካለ ይጻፍ። ከሌለ ይለፍ። ኢኽላስን በተመለከተ ደግሞ የራሴን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ፤ እኔን ለነፍሴ አሳልፎ የሰጠኝ ያልጻፍኩት ነው። ከጻፍኩት ወዲህ የሚደውልልኝ ሰው ቀንሷል። ሥራው ያለእኔ ይሄዳል። መጀመሪያ ከበደኝ፤ አሁን አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

እነዚያን እናት በማግስቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው፣ ሐቃቸውንም አደረስን። ሌሎቹን ሁለት ቤቶች ያገኘናቸውም በእሳቸው ምልክት ነው። ስማቸው አሁን በመዝገቡ አለ። «አውፍ ብያችኋለሁ» ብለውናል፤ አላህም እንደሳቸው ይበለን።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ በጀማዓ፣ በመድረሳ፣ በዕድር፣ በተማሪዎች ማኅበር ውስጥ የምታገለግሉ ሁሉ! ዛሬ ከዒሻ በኋላ አንድ ወረቀት አውጡና «ነገ ባልመጣ ምን ይቆማል?» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ለአንድ ሰው ስጡት። ለመጀመር ይህ ይበቃል።

አላህ አማናችንን ከሚጠብቁት ያድርገን። በዝንጋታችን የተጎዱትን ሁሉ ይካስልን።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።